መስኮት የገባው ቅንብር

«ስንት ወንበር?» አሉ የእድሩ ዕቃ ጠባቂ አባባ ያደታ፣ ከቁልፍ እስራቸው ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ።

«ምን?» አለች ሴትዮዋ።

«ለጋሽ አሻግሬ ለቅሶ አይደል የመጣሽው? ወንበር ስልሳ አለ። ድንኳኑ ግን አንድ ጥግ ተቀዷል፣ ዝናብ ያስገባል፤ በኋላ አልነገሩኝም እንዳትዪ። ለማንኛውም ዛሬ አይወጣም።»

«ለምን?»

«ዕቃ ቤቱ ታሽጓላ! አንድ ኢንስፔክተር መጥቶ ሳያይ ማንም አይገባም ተብሏል። ሁለት ሰዓት ላይ ይደርሳል አሉን፤ ይኸው አራት ሊሆን ነው። የት ቁጭ ብሎ ቁርሱን እንደሚገምጥ እንጃለት።»

«ሁለት ሳምቡሳ ነው የበላሁት፤ ያውም ቆሜ» አለች ሴትዮዋና ከነጠላዋ ስር መታወቂያዋን አወጣች።

አባባ ያደታ መታወቂያውን አዩ፤ ሴትዮዋን አዩ፤ እንደገና መታወቂያውን አዩ። ከዚያ ሩብ ሰዓት ሙሉ ሲፈልጉት የነበረውን ቁልፍ ወዲያው አገኙት።

ኢንስፔክተር ፀሐይቱ በዚህ ዓይነት ነገር አትቀየምም። ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ፊቷ የጎረቤት ፊት ነው፤ ሰውም እንደ ጎረቤት ያወራታል። ከአፉ የወጣውን የሚያስታውሰው ካወራ በኋላ ነው። ስለ ሙዚቃ ግን ምንም አታውቅም። ቤተ ክርስቲያን ስትዘምር እንኳ አጠገቧ ያሉት ሴቶች ቀስ እያሉ ፈቀቅ ይላሉ።

ወሩ ሐምሌ ነው፤ ቀበሌው ወረዳ ከተባለ ገና ዓመት አልሞላውም። የእድሩ አዳራሽ ከቃሊቲ ወደ አቃቂ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከከባድ መኪና ጋራዦች ጀርባ ተወሽቋል። እዚያ ውስጥ ነው ጋሽ አሻግሬ የሚባሉ የስልሳ አራት ዓመት ጡረተኛ፣ ድሮ የወታደር ማርሽ ባንድ ነፊ የነበሩ፣ ስድስት ሰው ሰብስበው ስዊንግና ጃዝ የሚያስተምሩት። ባንዱ ረዥም ስም አለው፤ ሰፈሩ ግን «የእድሩ ባንድ» ብሎ ገላግሎታል። ማክሰኞ አሥር ሰዓት ላይ አባባ ያደታ ድስት ሊያወጡ ዕቃ ቤት ሲገቡ፣ ጋሽ አሻግሬ ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው፣ የከሰል ምድጃው እግራቸው ስር ሊጠፋ ደርሶ፣ መስኮቱ ተዘግቶ ተገኙ። ሐኪሙ በከሰል ጭስ ታፍነው ነው አለ።

ድንገተኛ አደጋ ብሎ መዝጋት ይቻል ነበር። ችግሩ መስኮቱ ነበር።

«እሳቸው መስኮት አይዘጉም» አሉ አባባ ያደታ ቁልፉን እየከፈቱ። «ጣታቸው በብርድ ይያዛል፤ ያለ ከሰል መጻፍ አይችሉም። ግን ከሰልና የተዘጋ መስኮት አንድ ላይ ሞት ነው እያሉ ሁላችንንም ያሰለቹን እሳቸው ናቸው።»

ለዚህ ነው የፖሊስ ጣቢያው ልጆች ሃሌሉያን የያዙት። ሃሌሉያ የሃያ ስድስት ዓመት የክር ፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ ቴነር ሳክስፎን ትነፋለች። ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ ከሟቹ ጋር ስትጨቃጨቅ ተሰምታለች፤ እያለቀሰች ስትወጣም ታይታለች። ከዚያ ወዲያ ወደ ክፍሉ የገባ የለም። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ትቀርባለች። ቅዳሜ ደግሞ አንድ የመሀል ከተማ ሆቴል ሰዎች መጥተው ባንዱ አንድ ሥራ ሲጫወት ሰምተው፣ ከነፊዎቹ አንድ ሰው በወር ደመወዝ ይወስዳሉ። ሃሌሉያ ነገ ካልተለቀቀች ቅዳሜም፣ የፋብሪካው ሥራዋም፣ ምናልባትም ሌላው ዕድሜዋም ያልቃል።

ፀሐይቱ ክፍሉን ዞራ አየች። የእድሩ ድስቶች፣ የተጠቀለለ ድንኳን፣ አንድ ጠረጴዛ። መስኮቱ ከቆርቆሮ የተሠራ፣ ማጠፊያው ከላይ ያለ፣ ወደ ውጭ የሚገፋ ነው። በእጇ ገፍታ ለቀቀችው። ዷ! ብሎ ወደቀ፤ መዳፏ ላይ ቀይ የዝገት መስመር ቀረ።

«ምን ይዞት ነበር የሚቆመው?»

አባባ ያደታ ፈገግ አሉ። «ወረቀት ነዋ። ጋሽ አሻግሬ ለባንዱ ሥራ ሲመርጡ አምስት ስድስት ቅንብር ይጽፋሉ፤ ይኸ ለትራምፔቱ ይከብዳል፣ ይኸ ድራሙ ይበዛበታል እያሉ ይጥላሉ። የጣሉትን እንደ ዱላ ጠቅልለው፣ በሲባጎ አስረው መስኮቱን ያስደግፉበታል። ልጆቹ አንድ ሥራ ተጣለ ለማለት ‹መስኮት ገባ› ነው የሚሉት። ጋሽ አሻግሬ በቃል አይናገሩም፤ ምርጫቸውን ሰው የሚያውቀው መስኮቱን አይቶ ነው።»

«ማክሰኞስ ምን ነበር የያዘው?»

«የድሮው በዝናብ በስብሶ ነበር፤ ጠዋት ላውጣው ስላቸው፣ ‹ከምሳ በኋላ አዲስ ይገባል፣ አትቸገር› አሉኝ።»

ፀሐይቱ መስኮቱን እንደገና አነሳች። በክፈፉ የውጭ ጠርዝ፣ ቆርቆሮው የታጠፈበት ቦታ፣ የጥፍር ያህል ቁራጭ ወረቀት ተሰክቷል። አምስት ቀጭን መስመርና የቀይ ቀለም ጫፍ አለው። በኤንቬሎፕ አኖረችው። የተጠቀለለው ወረቀት ግን ክፍሉ ውስጥ የለም፤ ግቢውም ውስጥ የለም።

ጠረጴዛው ስር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ነበር። የጣቢያው ልጆች ብስኩት የሚለውን አንብበው አልፈውታል። ፀሐይቱ ያልጠገበች ሴት ናትና ከፈተችው። ውስጡ ብስኩት የለም፤ በንጹሕ እጅ የተገለበጡ ስድስት ገጽ ኖታዎች ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ። አንደኛው ገጽ ላይ ከኖታዎቹ በላይ በእርሳስ ቁጥሮች ተጽፈዋል። አንድ፣ ሁለት፣ አንድና ሦስት። ከሦስት የሚበልጥ የለም።

ጣቢያ ሃሌሉያ ከአግዳሚው ላይ ተነሳች። የፋብሪካውን ሰማያዊ ጋውን እንደለበሰች ነው፤ የያዟት ከሥራ ላይ ነው።

«ተቀመጪ። ምን ተጨቃጨቃችሁ?»

«ሁለት ሥራ ነበር የቀረው» አለች ሃሌሉያ። «አንዱ ‹የሞጆው ባቡር› ነው፤ ፈጣን ስዊንግ፣ ሶሎው፣ ብቻውን የሚነፋው ማለት ነው፣ የአጥናፉ ትራምፔት። ሌላው ‹የገላን ካፊያ›፤ ቀስ ያለ፣ ሶሎው የእኔ። ወደ ሥራ ስሄድ ሻይ ይዤላቸው ገባሁ። ‹የሞጆውን ባቡር መርጫለሁ፤ ገልብጬ ጨርሻለሁ› አሉኝ።»

«አንቺስ?»

«ጮህኩባቸው። ‹ሦስት ዓመት ሙሉ ከፈረቃ እየሮጥኩ የመጣሁት ለአጥናፉ አጃቢ ልሆን ነው ወይ?› አልኳቸው። እሱ እኮ ኖታ አጥርቶ አያነብም! ይኸንንም ብያለሁ፤ አልክድም።»

«እሳቸው ምን አሉ?»

ሃሌሉያ አፍንጫዋን በጋውኗ እጅጌ ጠረገች። «‹አንቺ ሌላ ቅዳሜ አለሽ፤ አጥናፉ ግን ይቺ የመጨረሻው ናት› አሉኝ። በሩን ወርውሬ ወጣሁ። ስምንት ከሩብ ሰርቪስ ላይ ነበርኩ። መስኮቱን አልነካሁም፤ ክፍት ነበር።»

«የቀናሽ ትመስያለሽ።»

«ቀንቻለሁ እንጂ! ያልቀና ማን ሙዚቃ ይጫወታል?»

ፀሐይቱ መልሱን ወደደችው። ወንጀለኛ ብዙውን ጊዜ አልቀናሁም ነው የሚለው።

ከጣቢያው ወደ ኑሪ ሱቅ ሄደች። ኑሪ የባንዱ ድራም መቺ ነው፤ ሱቁ ከአዳራሹ ማዶ፣ ከጋራዡ አፍ ላይ ነው። ሳሙና እየደረደረ በሁለት ጣቱ መደርደሪያውን ይመታል፤ ደንበኛ ካልከለከለው አያቆምም።

«ስዊንግ ማለት ምንድነው?» አለችው ፀሐይቱ፣ ባዶ ሣጥን ስባ እየተቀመጠች።

ኑሪ ደስ አለው። «ምቱ እኩል አይሄድም፤ አንዱ ይረዝማል አንዱ ያጥራል። የሚያነክስ ይመስላል፤ ግን አይወድቅም። ጋሼ ምን ይሉ ነበር መሰለሽ፣ ይቅርታ፣ መሰለዎት፣ ‹ቅንብር መምረጥ እንደ ልብስ ስፌት ነው፤ ጨርቁ ቢያምር ምን ይሆናል፣ በሰውዬው ልክ ካልሆነ?›»

«ይኸ ቁጥርስ?» ርዕሱን አጥፋ ይዛ ያንን ገጽ አሳየችው።

«ይኸ የትራምፔት ጣት ነው። ትራምፔት ሦስት መጫኛ ብቻ ነው ያለው፤ የትኛው እንደሚጫን ነው የሚነግረው። ሳክስፎን ላይ እንዲህ አይጻፍም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለአጥናፉ መሆን አለበት። ኖታው ከባድ ሲሆንበት ጋሼ በእርሳስ ይጽፉለታል። እኛ አይተን እንዳላየን ነን።»

«ማክሰኞ አጥናፉን አይተኸዋል?»

«እንዴ! ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚህ መጥቶ አንድ ሲጋራ ገዛ። ዓይኑ ደም ለብሷል። ምን ሆነህ ነው ስለው፣ ‹ለልጅቷ ሰጣት፤ እኔን መስኮት አስገባኝ› አለኝ። አጨሰና ወደ አዳራሹ ጀርባ ሄደ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ተመልሶ ሌላ ሲጋራ ገዛ። ሁለት ክብሪት ሰበረ፤ ሦስተኛውን የጫርኩለት እኔ ነኝ።»

«ለፖሊስ አልተናገርክም?»

«ሰው በሥራው ቢከፋው ለፖሊስ ይነገራል እንዴ? እኔም እኮ ለድራም ሶሎ አልተሰጠኝም፤ ከፍቶኝ ያውቃል።»

ፀሐይቱ ከሣጥኑ ላይ ቶሎ አልተነሳችም። ሩጫው የሁለት ሰው ነው። ሃሌሉያ ተሸነፍኩ ትላለች፤ አጥናፉም ተሸነፍኩ ብሏል። በሃያ ስድስት ዓመት ሥራዋ ሁለት ሰው ሮጦ ሁለቱም አሸነፍኩ ሲሉ ብዙ ጊዜ ሰምታለች፤ ሁለቱም ተሸነፍኩ ሲሉ ግን ይኸ የመጀመሪያዋ ነው።

አጥናፉን ያገኘችው ጋራዡ ውስጥ፣ ከአንድ ተሳቢ ስር ነው። እየተንፏቀቀ ወጣ። አርባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ጢሙ የተከረከመ፣ እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ። የትራምፔቱ ጥቁር ሣጥን ከመኪናው ጋቢና መቀመጫ ላይ ነበር። ፀሐይቱ ዓይኗን ስትጥልበት የጋቢናውን በር በክርኑ ገፍቶ ዘጋው።

«ማክሰኞ የት ነበርክ?»

«እዚሁ ነዋ፣ ኢንስፔክተር፤ መኪና ስር። መሞታቸውን የሰማሁት አሥር ሰዓት ላይ ነው።»

«የትኛውን ሥራ እንደመረጡ ታውቅ ነበር?»

«በምን አውቄ? ጋሼ እኮ አይናገሩም። አልሄድኩም፣ አላየሁም።» ግራሶውን በጨርቅ ይጠርጋል፤ ጨርቁ ከእጁ የባሰ ቆሽሿል። «አሥራ ሁለት ዓመት አስተምረውኛል። አሥራ ሁለት ዓመት! አንድ ቀን ጎበዝ ብለውኝ አያውቁም። ያቺ ልጅ ሦስት ዓመት ሳትሞላ ‹ጎበዝ፣ የኔ ልጅ›። እኔ ግን አልቀናም። ዕድሏ ነው።»

«ትራምፔቱን ብታሳየኝ?»

«እጄን አያዩም? ግራሶ ነው።»

«እውነት ነው» አለች ፀሐይቱ። «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ታጥበህ አዳራሽ ና። ትራምፔቱንም ይዘህ። ለጋሽ አሻግሬ አንድ ነገር ትጫወቱላቸዋላችሁ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ይደበድበው ነበር። ኑሪ ከድራሙ ኋላ ተቀምጧል። ሃሌሉያ ከአንድ ፖሊስ ጋር መጥታ ሳክስፎኗን ታቅፋለች። አጥናፉ ሣጥኑን ጉልበቱ ላይ አድርጓል። የባንዱ ሌሎች ሦስት ሰዎች ማክሰኞ ደብረ ዘይት ለቅሶ ላይ ስለነበሩ ፀሐይቱ አላስቸገረቻቸውም። አባባ ያደታ ማንም ሳይጠይቃቸው ወንበር ደርድረዋል፤ ልማድ ነው።

«ስለ ሙዚቃ ምንም አላውቅም» ብላ ጀመረች ፀሐይቱ። «ስለዚህ ስህተቴን አርሙኝ። አባባ ያደታ፣ ማክሰኞ ስምንት ተኩል ላይ የት ነበሩ?»

«ግቢው ውስጥ፤ የድንኳኑን ካስማ ስቆጥር።»

«ከዕቃ ቤቱ ምን ይሰማ ነበር?»

«ኩርፊያ። ጋሽ አሻግሬ ምሳ በልተው ያንቀላፋሉ። መስኮቱ ክፍት ሲሆን ኩርፊያቸው እስከ አስፋልቱ ነው።»

«ይኸን ለጣቢያው ልጆች ነግረዋቸዋል?»

«ጭቅጭቁን ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ኩርፊያውን ማን ጠየቀኝ?»

ፖሊሱ ኮፍያውን አስተካከለ። ፀሐይቱ ፈገግታዋን ዋጠች። «ሃሌሉያ ስምንት ከሩብ ሰርቪስ ላይ ነበረች፤ ሹፌሩን አነጋግሬዋለሁ። ስምንት ተኩል ላይ ሰውዬው በሕይወት አሉ፣ መስኮቱም ክፍት ነው። ስለዚህ የዘጋው ሌላ ሰው ነው። ወደ ክፍሉ የገባ ደግሞ የለም። ከውጭ ነው የተዘጋው።»

ኤንቬሎፑን አወጣች። «ይቺ ቁራጭ ከክፈፉ በውጭ በኩል ተገኘች። አንድ ሰው መስኮቱን የያዘውን ጥቅል ከውጭ መንጭቆ አወጣው፤ ቆርቆሮው ወደቀ። ሌባ የጡረተኛ ወረቀት አይሰርቅም። ያንን ወረቀት የሚመነጭቅ፣ መስኮት መግባት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው። ኑሪ፣ አጥናፉ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምን አለህ?»

ኑሪ ድራም መምቻዎቹን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። አጥናፉን አላየውም። «‹እኔን መስኮት አስገባኝ› አለኝ።»

«ለእኔ ግን አልሄድኩም፣ አላየሁም ብሎኛል» አለች ፀሐይቱ። «ከምሳ በፊት መስኮቱ ላይ የበሰበሰ ወረቀት ነበር፤ አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ ተዘግቶ ነበር። ‹የሞጆው ባቡር› መስኮት ላይ መሆኑን ሊያውቅ የሚችለው በመካከል ያየ ሰው ብቻ ነው። አጥናፉ፣ ሣጥኑን ክፈተው።»

«ትራምፔት ነው ያለበት።»

«እሱንም አያለሁ።»

ፖሊሱ አንድ እርምጃ ቀረበ። አጥናፉ ሣጥኑን ከፈተው። ከትራምፔቱ ስር፣ ከቀይ ከፈዩ በታች፣ የተጨፈለቀ ወፍራም ጥቅል ወረቀት ነበር። ልባሱ ላይ በቀይ ቀለም «የሞጆው ባቡር» ይላል። በላዩ ላይ አንድ የዝገት መስመር ተጋድሞበታል፤ አንድ ጥጉ ተቀዷል። ፀሐይቱ ቁራጯን አጠገቡ አስቀመጠች። ልክ ገጠመች።

«ታቃጥለዋለህ ብዬ አልፈራሁም» አለችው። «ሙዚቀኛ የራሱን ሶሎ አያቃጥልም።»

«ልገድለው አልነበረም» አለ አጥናፉ። አንቱታው ከአፉ ጠፍቶ ነበር። «ባየሁት ጊዜ… ስሙ በቀይ ተጽፎ፣ ሥራዬ፣ እንደ ቡሽ ተወትፎ! መነጨቅኩት። ዷ ሲል ይነሳል ብዬ ነበር።»

«ሠላሳ ዓመት ጆሮው ስር ትራምፔት የተነፋበት ሰው በዷ አይነሳም፤ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለህ። እሺ፣ መመንጨቁን ንዴት እንበለው። ከዚያ ሲጋራ አጨስክ፤ በጀርባ ተመለስክ፤ መስኮቱ አሁንም ዝግ ነው፤ ኩርፊያ የለም። ትተኸው ሄደህ ሌላ ሲጋራ ገዛህ። ያንተ ጥፋት በአንደኛውና በሁለተኛው ሲጋራ መካከል ያለው ነው።»

አጥናፉ ድንገት ወደ ሃሌሉያ ዞረ። «ምን ይደረግ! ለእሷ ሰጣት!»

«ለእኔ አልሰጡኝም» አለች ሃሌሉያ ቀስ ብላ።

ፀሐይቱ የብስኩቱን ቆርቆሮ ከፈተች። «አባባ ያደታ፣ አንድ ሥራ ተመርጦ ለየሰው በንጹሕ ከተገለበጠ በኋላ ረቂቁ ምን ይሆናል?»

«ምን ይሠራል? እሱም መስኮት ይገባል። ሁሉም መጨረሻው መስኮት ነው፤ የተጣለውም፣ ያለቀለትም።» ሽማግሌው ዙሪያውን አዩ። «ልጆቹ ይህን አያውቁም እንዴ? እነሱ ርዕሱን ብቻ ነው የሚያዩት።»

ፀሐይቱ ያንን ገጽ አወጣችና አጥናፉ ጉልበት ላይ አኖረችው። «ትራምፔት» ይላል። «የሞጆው ባቡር» ይላል። ከኖታው በላይ የእርሳስ ቁጥሮቹ ተሰልፈዋል፤ አንድ፣ ሁለት፣ አንድና ሦስት፤ በብርድ የተያዙ ጣቶች የጻፏቸው፣ ትንሽ የተንጋደዱ። ሶሎው ከሚጀምርበት በፊት በዚያው እርሳስ እንዲህ የሚል ነበር፦ «አጥናፉ፣ አትቸኩል። እዚህ ላይ ተንፍስ።»

አጥናፉ አነበበው። ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው ነውና ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ ጣቶቹ፣ ገና ግራሶው ከጥፍራቸው ስር ያልወጣው፣ ጉልበቱ ላይ በራሳቸው መንቀሳቀስ ጀመሩ። አንድ። ሁለት። አንድና ሦስት። ፖሊሱ ክንዱን ሲይዘው ጣቶቹ አላቆሙም።

በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ ሃሌሉያን፣ «ሶሎው ለቴነርም ይሆናል» አላት። «አነባበቡ አንድ ነው። ቁጥሩን ብቻ ዝለዪው።»

ሃሌሉያ ገጹን አነሳች። ኑሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቶቹን ጭብጥ አድርጎ ይዟቸዋል።

ፀሐይቱ የዛገውን ጥቅል በላስቲክ አጠቃልላ ብብቷ ስር ያዘች። አባባ ያደታ እስከ ደጃፉ ሸኟትና ጥቅሉን አየት፣ መስኮቱን አየት አደረጉ።

«እሱን ይዘሽው ልትሄጂ ነው?»

«ማስረጃ ነው፣ አባባ።»

«ታዲያ እኔ ይህን መስኮት በምን ላቁመው?»

«በድንጋይ» አለች ፀሐይቱ ጃንጥላዋን እየዘረጋች፤ «በድንጋይ ማንም አይቀናም።»